የማያርፈው ላፕቶፕ

ዋለ በመካነ ሰላም ፍርድ ቤት አጥር ሥር ራፖር፣ የባለጉዳይ አቤቱታ ሲጽፍ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በእጅ ጀመረ፣ በታይፕ ቀጠለ፣ አሁን በላፕቶፕ ይጽፋል። ለረጅም ጊዜ ተፎካካሪ አልነበረውም። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ከሪያድ የተመለሰችው ፈርሂያ ፊት ለፊቱ አንዲት ክፍል ተከራይታ ያንኑ ሥራ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከእሷ በር አይነቀልም።

ይበልጥ የሚያንገበግበው መብራት ሲጠፋ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ላይ ላፕቶፓቸውን ጎን ለጎን ቻርጅ ያደርጋሉ። የእሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጭጭ ሲል የእሷ እስከ ቀትር ይዘልቃል። ከዐረብ አገር ያመጣችው ውድ ዕቃ ነው እያለ ለሚስቱ ለበዛች ያማታል። በዛች ሄዶ ፈርሂያን እንዲጠይቃት ብትመክረው ሁለት ቀን አኮረፋት።

ባለፈው ሰኔ መብራት በጠፋ በሦስተኛው ቀን አብዱራህማን የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ይግባኝ ሊያስጽፉ መጡ። የማስገቢያው ቀነ ገደብ ያው ዕለቱ ነበር። ዋለ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለ ስክሪኑ ጨለመ። ሽማግሌው አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለው መንገዱን ተሻገሩ። ዋለም አላስችል ብሎት ተከተላቸው።

የፈርሂያ ላፕቶፕ ከእሱ ላፕቶፕ ይልቅ ያረጀ ነበር። ክዳኑ በፕላስተር ተለጥፏል፣ የፊደሎቹ ቁልፎች ተፍቀዋል። በዚህ አሮጌ ዕቃ መበለጡን ሲያይ ቅናቱ ባሰበት።

ፈርሂያ የጻፈችው ይግባኝ በሰዓቱ ገባ። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሲገናኙ ፈርሂያ የእሱን ላፕቶፕ ከፍታ የፍጥነት ማስተካከያውን አየች።

«ጋሽ ዋለ፣ ይህን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

እሷ ሥራ በጀመረች ሳምንት፣ እንዲበልጣት ብሎ ላፕቶፑን ደሴ ወስዶ ፍጥነቱን በመጨረሻው ጣሪያ ላይ ያስቆለፈው ራሱ ዋለ ነበር።

«ማሽኑ እርስዎ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እስኪያልፉ እንኳ ሥራ ይፈታል» አለች። «ያኔ ፍጥነቱን ቀንሶ ያርፋል፤ ሥራ ሲመጣ ራሱ ይጨምራል። የእርስዎ ግን እንዳያርፍ ተደርጓል። ሥራ ኖረም አልኖረም ሲሮጥ ባትሪውን ይበላዋል።»

ቁልፉን ፈታችለት። ያን ቀን ላፕቶፑ ከሦስት ሰዓት በላይ ሠራ፤ ሲጽፍም አንድም ፊደል አልዘገየበትም። ዋለ ደስ አለው፣ ግን አልቀለለውም። አሁን የሚቀናው በዕቃዋ ሳይሆን በምታውቀው ነበር። በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።