ሐምራዊው መድኃኒት

ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር በምሠራበት ቤት ልብስ እየተኮስኩ ነው። የማዳም ልጅ ሪም አጠገቤ ተቀምጣ ጌም ትጫወታለች። ጌሙ ውስጥ የቆሰለ እንስሳዋ ላይ ከሐምራዊ ጠርሙስ መድኃኒት ስትረጭበት ወዲያው ብድግ አለ።

"ኸላስ፣ በቃ ዳነ!" አለችኝ በአረብኛ።

ልጅ ሳለሁ፣ ወሎ፣ በቅሏችንን ጅብ ጭኗ ላይ ነክሷት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ እንዲሁ ሐምራዊ የሆነ መድኃኒት ረጨባት። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጭንቅላቷን የያዘው አጎቴ ሰዒድ ነበር።

"ዳነች?" አልኩት።

"ይሄ ዝንቡን ይከለክልላታል፣ ልጄ። መዳኑን አላህ ያውቃል" አለኝ፣ አንገቷን እያሻሸ።

ቁስሉ በወሩ ደረቀ። በቅሏ ግን ጅቡ ባገኛት መንገድ ዳግመኛ አልሄድም አለች። ሌሎቹ የቤታችን ሰዎች በዱላ ሲመቷት፣ አጎቴ ዱላውን ተቀብሎ በሌላ ዙሪያ መንገድ ይወስዳት ጀመር። ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ሞተ። በስልክ ሲነግሩኝ "ኢና ሊላሂ" ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እስካሁን አላለቀስኩም። ለማዳምም አልነገርኳትም።

ሪም ቀና ብላ አየችኝና "ምን ሆነሻል?" አለች።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም" አልኳትና የአባቷን ረጅም ነጭ ቶብ ለመተኮስ ዘረጋሁ።