የቱሉ ገመዳ ተረኞች

ባለፈው ሳምንት አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ቤት ተቀምጬ ጎማዬ ተለጥፎ እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። ባለሙያው መደርደሪያው ላይ ሬዲዮ ከፍቷል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ስለ ስንዴ በሽታ ይናገራል። የሚሰማው ግን አልነበረም። አንዱ ደንበኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እስቲ ያንን ነገር ዝጋልን» አለ፤ ተዘጋ። በወጣትነቴ አንድ ሸለቆ ሙሉ ሕዝብ ያንን ድምፅ ለመስማት ምን ያህል እንደደከመ ጎማ እየተለጠፈ የሚነገር ወሬ አይደለም። ደግሞ ዘንድሮ መከራከርም ይታክተኛል።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ብዙም አልቆየሁም። መሥሪያ ቤታችን ከአሰላ የሚሠራጨው ሬዲዮ ከተራራው ወዲያም እንዲሰማ ማስተላለፊያ ጣቢያ ለማቆም አሰበና ቦታ የሚመርጥ ቡድን ላከ። ቡድን ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ አለቃችን ኢንጂነር መኮንን፣ ሾፌራችን ሙዘሚልና እኔ ነን። ጋሽ መኮንን ጨጓራቸው እረፍት የነሳቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ፣ ሥራቸውን ግን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሙዘሚል የአሰላ ልጅ ነው፤ በአማርኛ የጀመረውን ቀልድ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፤ ሳቁንም ከሁላችን ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ብቸኛዋ ሴት እኔ የሞገድ መለኪያውን እሸከማለሁ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የሬዲዮ ሞገድ እንደ ፀሐይ ብርሃን ነው፤ ተራራ ሲገጥመው ከጀርባው ጥላ ይጥላል። ጭላሎና ወንድሞቹ ከኋላቸው ያለውን አገር እንዲህ አጥልተውበታል። ስለዚህ በአንድ በኩል የአሰላውን ሞገድ የሚቀበል፣ በሌላ በኩል ሸለቆውን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ መፈለግ ነው። እዚያ ላይ ምሰሶ ቢቆም ድምፁን ተቀብሎ ወደ ጥላው ያስተላልፋል። ሲሠሩት ግን ሁሉም ጭቃ ነው። መስከረም እያለቀ ዝናቡ አላልቅ ብሎ፣ በሁሩታ አድርገን ወደ ዲክሲስ፣ ከዲክሲስ ወደ ጢቾ ስንጓዝ ከመኪናው ውስጥ ይልቅ መኪናውን ስንገፋ ነበር የምንውለው። ምሳችን የገብስ ቆሎ ነው። እርጥብ ካልሲያችንን የምናሰጣው ሞተሩ አጠገብ ስለነበር ቆሎውም ካልሲ ካልሲ ይሸት ጀመር።

አባባ በዳሶን ያገኘናቸው ከጢቾ ቁልቁል ባለ አንድ መንደር ነው። ረጅም፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ገበሬ ነበሩ፤ መንደሩ ሲቸግረው የሚጠራው እሳቸውን ነው። ጋሽ መኮንን ሬዲዮ ምን ያደርግላችኋል ብለው ሲጠይቋቸው ወደ ማሳቸው ወሰዱንና አንድ የስንዴ ቅጠል ይዘው በጣታቸው አሹት።

«አምና በዚህ ጊዜ ጣቴ ቢጫ ይሆን ነበር» አሉ።

ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ ገብቶባቸው ነበር። ሬዲዮው ዋጉ መነሳቱን፣ ቶሎ መድኃኒት መርጨት እንደሚገባ በየቀኑ ይናገር ነበር። ከተራራው ወዲያ፣ በአሰላ በኩል ያሉት ሰምተው ረጩ። የዚህ ሸለቆ ሰዎች የሰሙት ማሳው ቢጫ ከለበሰ በኋላ ነው። ዓመቱን በብድር እህል እንደገፉት ነገሩን። «ለእነሱ ነገራቸው፤ ለእኛ አልነገረንም» አሉ አባባ በዳሶ። ሬዲዮውን እንደ ሰው የተቀየሙት ይመስሉ ነበር።

ከመንደሩ ራስጌ ቱሉ ገመዳ የሚባል ኮረብታ አለ። በእግራችን ወጣነው፤ ግማሹን ሣር እየጨበጥን። አናቱ ላይ የያዝኳትን ትንሽ ሬዲዮ ስከፍታት፣ ታች መንደሩ ውስጥ ስታፏጭ ብቻ የነበረችው እንደ ልቧ ታወራ ጀመር። አባባ በዳሶ ጎንበስ ብለው አዳመጧት።

«ይኼን ያህል ቅርብ ነበር?» አሉ።

ጋሽ መኮንን መለኪያውን ደጋግመው አዩ። «ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም። ግን መኪና አይወጣውም። ምሰሶና ጀኔሬተር ደግሞ በአህያ አይጫንም።»

«የጎደለው መንገድ ብቻ ነው?»

«መንገድ ቢኖረውማ ሌላ ኮረብታ ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው መንገዱን ለእኛ ተዉት» አሉ አባባ በዳሶ።

ስንመለስ ሙዘሚል መሪውን ይዞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የዚህ ሰውዬ ነገር» እያለ ሳቀ። እኛም ፈገግ አልን። ያን ሁሉ ገደል ቆፍሮ መንገድ የሚያወጣ ሰው ይኖራል ብሎ ከሦስታችን ያሰበ አልነበረም።

የካቲት ላይ ስንመለስ መንገዱ ነበር። አዝመራቸውን ከሰበሰቡ በኋላ የአካባቢው ሰው ሁሉ በደቦ ወጥቶ፣ ወንዱ በዶማና በመዶሻ ሲያፈርስ ሴቱ ድንጋይ እያመላለሰ፣ ኮረብታውን እንደ መቀነት የሚዞር መንገድ አወጡለት። በገደሉ በኩል ጠርዙን በድንጋይ ደርድረውታል። ሙዘሚል እንኳ የሚቀልደው ጠፍቶት በአንደኛ ማርሽ ወጣ። ጋሽ መኮንን ግማሽ ላይ መኪናውን አስቁመው ወረዱና የቀረውን በእግራቸው ጨረሱት። አናቱ ላይ በእንጨት ገበቴ ጩኮ ቀረበልን፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ እጅ ላይ ቅልጥ ይላል። ለጋሽ መኮንን ጨጓራ ትኩስ ወተት መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ጩኮ በልቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ስበላ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋሽ መኮንን ቱሉ ገመዳ እንዲመረጥ አጥብቀው ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ግን ዲክሲስ አጠገብ ያለ ሌላ ኮረብታ መረጠ። እዚያ መብራት በቅርብ አለ፤ ከሥሩም የበለጠ ሕዝብ ይኖራል ተባለ። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ ለመከራከር ያስቸገረውም ይኸው ነው። ለመንደሩ ደብዳቤ እንዲላክ ሲወሰን ጋሽ መኮንን እምቢ አሉ። «ሰዎቹ ያንን መንገድ የሠሩት ደብዳቤ እንዲመጣበት አይደለም» ብለው መኪና አስነሱ።

ሕዝቡ መስጊዱ አጥር ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ጋሽ መኮንን ሳይሸፋፍኑ ነገሩ፤ ሙዘሚል ተረጎመ። የተቆጣ የለም። እኔ አንድ ሰው ተነስቶ በሰደበን እያልኩ ነበር፤ ቢያንስ ይቀለን ነበር። አባባ በዳሶ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። በእነሱ ዘንድ እንግዳ ምንም ዓይነት ወሬ ይዞ ቢመጣ ሳይመረቅ አይሸኝም። አሜን ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

የዲክሲሱ ጣቢያ ቆመ። ሥርጭቱ እስከ የት እንደሚደርስ ለመለካት በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ወደዚያው ስንሄድ ሸለቆው ውስጥ ሬዲዮዬ እንደ ድሮዋ አፏጨች። አባባ በዳሶ ግን ትናንት ምን እንደተነገረ ያውቃሉ፤ የትኛው ወረዳ ዋግ እንደታየበት፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻል ሁሉ ነገሩኝ። ለካ ተራ አውጥተዋል። የግብርናው ፕሮግራም በሚተላለፍበት ሰዓት ከየቤቱ በተራ አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ በዚያ በሠሩት መንገድ ቱሉ ገመዳ ላይ ይወጣል፤ ዝናብም ቢሆን ውርጭ። ሰምቶ ሲወርድ መስጊዱ በር ላይ ይናገራል። የታመመ ወይም ደካማ ያለበት ቤት ተራ ሲደርስ እሳቸው ይወጣሉ። ስንዴያቸው በዚያ ዓመት አረንጓዴ ነበር።

ሙዘሚል ይህንን አሰላ ላይ እያደነቀ አወራው፤ ወሬውም መሥሪያ ቤት ገባ። በዓመቱ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «አርአያ የሚሆን ሕዝብ» ብለው አመሰገኑ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ቆይቶ የሥርጭቱ ካርታ ሲወጣ ያ ሸለቆ ሬዲዮ ከሚደርስባቸው ቦታዎች ጋር አብሮ ቀለም ተቀብቶ አየሁት። ካርታውን የሠራውን ባለሙያ ሄጄ ጠየቅኩት።

«ይሰማሉ አይደል እንዴ? ተመስግነውበት የለም?» አለኝ።

ቀለሙን እንዲያስለቅቁልኝ ያላንኳኳሁት በር የለም። ጋሽ መኮንን በሕመም ጡረታ ወጥተዋል፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ የማንንም ጠረጴዛ አያልፍም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰሚ ሆናችኋል መባላቸውን ያልሰሙት ሰሚ የተባሉት ብቻ ናቸው። እኔው ሄጄ ነገርኳቸው።

አባባ በዳሶ ወዲያው ገባቸው። «ስለዚህ ሌላ ጣቢያ አያስፈልጋቸውም ተብሏል?»

«አዎ አባባ።»

«ተራውን ብንተወውስ? አይሰሙም ተብሎ ይጻፋል?»

«ምናልባት፣ ከጊዜ በኋላ» አልኳቸው።

«እስከዚያ ዋጉ ይጠብቀናል?» ብለው ወደ ማሳቸው አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ላይ ያለውን ፎጣ አስተካከሉ። «ቶሌ፣ ይሁን። ነገ የሩቅያ ቤት ተራ ነው። ባሏ ታሞባታል፤ እኔ እወጣለሁ።»

ቱሉ ገመዳ ላይ ምሰሶ የቆመው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዕቃው የወጣው በዚያው በደቦ መንገድ ነው። ምርቃቱ ላይ ተጋብዤ ሄድኩ። ንግግር ያደረጉት ሰው ይህ ሸለቆ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሬዲዮ ድምፅ ሊሰማ ነው አሉ፤ ተጨበጨበ። ካርታውን የሚያስታውስ ከእኔ በቀር አልነበረም መሰለኝ። አባባ በዳሶን ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አምጥተው ፊት ለፊት አስቀምጠዋቸዋል። አዲስ ሬዲዮ ተሸለሙ። ሰላም ልላቸው ስጎነበስ እጄን ያዙኝ።

«ከእንግዲህ መውጣት ቀረ?»

«ቀረ አባባ።»

ጉልበታቸውን ይዘው ሳቅ አሉ። «ይኼ ጉልበት ካለቀ በኋላ መጣችሁ፣ ልጄ። ቢሆንም መጣችሁ፤ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጣችሁ።» ከልባቸው ነበር የሚያመሰግኑት። ለዚህም ነው ቀና ብዬ ላያቸው ያቃተኝ።

ዛሬም ከስብሰባ አልጠፋሁም። ስለ ውኃ፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ጤና ጣቢያ ሲወራ አንዱ ተነስቶ «ሕዝቡ በራሱ መላ ፈጥሮለታል» ይልና አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። እኔ አላጨበጭብም። ጎኔ የተቀመጡት ወይ ደክሟታል ወይ ኩራት ነው ይሉኝ ይሆናል፤ መድከሙስ እውነት ነው። የማላጨበጭበው ግን ሰዎቹ ከተጨበጨበላቸው በኋላ ስንት ዓመት እንደሚጠብቁ ስለማውቅ ነው።