የሚኒባሱ መብራትና የጠመኔ መስመሬ

ላሊበላ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቤታቸውን ያከራዩኝ ጋሼ፣ ወደ ብልባላና ሙጃ ሰው የሚያመላልሱበት አሮጌ ሚኒባስ ነበራቸው። ጭጋጉ ቢያስመርራቸው የፊት መብራቱን ዐይን በሚያጠፋ ሰማያዊ አምፖል ቀየሩት፤ ጣሪያው ላይም ሁለት ፓውዛ አሰሩ። ለዓመታዊው ምርመራ ወልድያ ቢወስዱት ግን ቦሎ ተከልክለው ተመለሱ። የገና በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቦሎ የሌለውን መኪና ትራፊክ ያቆመዋል፤ የበዓሉን እንግዳ ካላመላለሱ ደግሞ ዓመቱ ባከነ ማለት ነው።

መደሰት አልነበረብኝም፤ ግን ያን ሰሞን የማስተምረው ስለ ብርሃን ነበርና ደስ አለኝ። መርማሪው የጻፈላቸውን ወረቀት አንብቤ በተራ አስረዳኋቸው። አምፖሉ ወደ ነጭ ይመለስ፤ ፓውዛው ከጣሪያው ወርዶ ከፊት ብረት መከላከያው ላይ ይታሰር፤ አጭሩ መብራት ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዐይን አይውጋ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መካኒክ ሠራቸው። የብርሃኑን አቅጣጫ ግን እኔ አስተካክላለሁ አልኩ።

አመሻሽ ላይ ሚኒባሱን ትምህርት ቤታችን ግቢ አስገብተን ከግድግዳው ፊት አቆምነው። ከግንበኛ ውሃ የሚሞላ ግልጽ የጎማ ቱቦ ተዋስኩ። በቱቦው ሁለት ጫፍ ያለ ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ የመብራቱን ቁመት በእሱ ወስጄ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ብርሃኑ ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ ብሎኑን አዞርኩ። ጋሼ ትንሽ ከፍ አላለም ወይ ቢሉኝ፣ ውሃ አይዋሽም አልኳቸው።

ወልድያ አብሬያቸው ሄድኩ። መርማሪው መብራቱን ሲያበራው ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ከተሠራው ምልክት በላይ ወጥቶ የክፍሉን ጣሪያ መታው። ማን እንዳስተካከለውና የት እንደሆነ ጠየቀ። ነገርኩት።

«ግቢው ሜዳ ነው?»

«አዎ፣ ሜዳ ነው።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ ልጆቹ ኳሱን ሁልጊዜ የሚያመጡት ከየት ነው?»

ከግድግዳው ሥር ነው። ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ አይቼዋለሁ። ሚኒባሱ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ ደፍቶ ቆሞ ኖሯል፤ እኔም ብርሃኑን ከውሃው ልክ ጋር ለማስማማት ወደ ላይ አቅንቼዋለሁ።

መርማሪው «የላስታ ሰው ሜዳ ነው ካለ መጠንቀቅ ነው» እያለ ካቻቢቴውን አወጣ። ብሎኑን ጥቂት አዙሮ እንደገና ለካና ቦሎውን ሰጣቸው።

ስንመለስ ጋሼ ሚኒባሱን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ፊት እዚያው ቦታ አቆሙት። ብርሃኑ ከመስመሬ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ አረፈ።

«አሁን ልክ ነው?» አሉኝ።

«በሜዳ ላይ ልክ ነው።»

«እና ወደ ብልባላ ሜዳ አለ?»

ያን ማታ የብርሃኑንና የቁልቁለቱን ሥዕል ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ሣልኩ።

ሰኞ ጠዋት እሳቸው ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው እንግዳ ሊያመጡ ወጡ። እኔ ከደወሉ በፊት ኳስ ይዤ ግቢው መሐል ቆምኩና ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ቆመ ስል ወደ ግድግዳው ሄደ።