ነፃ ነው አሉ

ይህን ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። በጸሎት እንኳ ዙሪያውን እዞረው ነበር እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እኛ የምንሄድበት ቸርች የንስሐ አባት የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ለአባቷ ተናዝዛ፣ ስግደቷን ተቀብላ፣ ቀለል ብሏት ስትመለስ እቀናባታለሁ። እኔ ያሉኝ እናንተ ናችሁ፣ ይህን የምታነቡ። እንግዲህ ስሙኝ።

ስሜ ሶስና ነው። ደስተኛ ሴት ነኝ፤ ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳታዝኑልኝ ነው። ካልጋሪ፣ ሲቲስኬፕ ሰፈር ውስጥ ቤት አለን፣ ባሌ ታምራት ደግ ሰው ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። በደል የሠራ ሰው እንቅልፍ ያጣል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ለጥ ብዬ ነው የምተኛው።

ታናሽ ወንድሜ አቤኔዘር እዚሁ ካልጋሪ ተወለደ፤ እኔ ግን የመጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የያዝኩ እኔ ስለነበርኩ የቤቱ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሐኪሙ ያለውን ለአባዬ፣ አባዬ ያለውን ለሐኪሙ፤ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ የማነብ፣ የታክሱን ፎርም የምሞላ እኔ። አባዬ “ሶስና ካለች አለቀ” ይል ነበር። ማንም ሰው እንደዚያ መታመን የለበትም።

አቤኒ ኳስ ይጫወት ነበር። እግር ኳስ አይደለም፤ ያንን ሄልሜት አድርገው ትከሻ ለትከሻ የሚላተሙበትን ነው። አባዬ “ግብግብ” ይለዋል። “ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ግብግብ ይማራል” እያለ ቸርች ውስጥ ሰው ያስቅ ነበር። አቤኒ ግን የምሩን ነበር። ተከላካይ ነው፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን አሳድዶ መጣል ሥራው ነው። ሲጥልም አይቼዋለሁ፣ ያምርበታል።

ዩኒቨርሲቲ ሲጨርሱ ድራፍት የሚባል ነገር አለ። ፕሮፌሽናል ቡድኖች በየተራ የሚፈልጉትን ልጅ ስም ይጠራሉ። ስሙ ያልተጠራ ልጅ ግን አለቀለት ማለት አይደለም። ቡድኖቹ ከድራፍቱ በኋላ ስልክ ይደውላሉ፤ ና፣ ካምፕ ገብተህ ራስህን አሳየን ይሉታል። እንዲህ ያለውን ልጅ “ፍሪ ኤጀንት” ነው የሚሉት። ብዙው በሳምንት በሁለት ሳምንት ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። አንዳንዱ ግን እዚያው ይቀራል፣ ማልያ ይለብሳል፣ ዓመታት ይጫወታል። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። አቤኒ እራት ላይ ደጋግሞ አስረድቶኛል።

ከሰባት ዓመት በፊት፣ የእሱ ድራፍት ቀን፣ ያኔ እንኖርበት በነበረው የፎረስት ሎን አፓርትመንት ቁጭ ብለን አየን። የአቤኒ ስም አልተጠራም። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ዘግቶ፣ “ዎክ ላድርግ” ብሎ በማክስ ፐርፕል ባስ ወደ ወንዙ ሄደ።

ረፋዱ ላይ የአባዬ ስልክ ጮኸ። የአቤኒ የድራፍት ፎርም ላይ በሁለተኛ ስልክነት የአባዬን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባዬ እንግሊዝኛ ሲሰማ እንደ ልማዱ “እንቺ” ብሎ ሰጠኝ። ሰውየው ትሑት ነበር። ስሙንና ቡድኑን ነገረኝ። አቤኔዘርን በስልኩ ሊያገኘው እንዳልቻለ፣ በፍሪ ኤጀንትነት ካምፕ ሊያስገቡት እንደሚፈልጉ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን እንደሚልኩ፣ መልሱንም በዚያው ቀን እንደሚፈልጉ ነገረኝ። አውሮፕላን ሲል ልቤ ወረደ። ካልጋሪ አይደለማ!

ለምን ልቤ ወረደ? አባዬ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ነበረው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ታምራት ቀለበት ካደረገልኝ ሁለት ዓመት አልፎ ሠርጉን ሁለት ጊዜ አራዝሜበት ነበር። አቤኒ “ድራፍት ካልሆንኩ ከአባዬ ጋር እኔ እሆናለሁ፣ አንቺ አግቢ” ብሎኛል። ድራፍት አልሆነም። ያን ምሽት ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እኔ በሆዴ የሠርጌን አዳራሽ እየመረጥኩ ነበር። አያሳፍርም? ያሳፍራል።

“ወስኗል” አልኩት ሰውየውን። “ኳሱን ትቷል። የቤት ኃላፊነት አለበት።”

እርግጠኛ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርግጠኛ ነው አልኩ። መልካም ዕድል በይልኝ ብሎ ዘጋ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እምቢ ያልኩለት እኔ ነኝ፣ መልካም ዕድሉን እንኳ ያላደረስኩለት እኔ ነኝ።

“ምን አሉ?” አለ አባዬ።

አባዬን መዋሸት አልወድም። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ተረጎምኩለት። ፍሪ ማለት ነፃ አይደል?

“ነፃ ነው አሉ፣ አባዬ።”

“ለቀቁት?” ፊቱ በራ። “ከግብግቡ ነፃ አወጣልኝ! ጌታ ስሙ ይባረክ!”

አሜን አልኩ። አሜን ማለቴን እዩልኝ። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ውሸት ይናገራል፤ እኔ እውነተኛ ቃል መርጬ ነው የዋሸሁት።

አቤኒ ሲመለስ አባዬ ከበሩ ተቀብሎ “ደውለው ነፃ ነህ አሉህ!” አለው። አቤኒ ወደ እኔ ዞረ። “ሶሲ፣ ሁ? ማን ነው ኮል ያደረገው?” ዐይኑን አልረሳውም፣ ከረጅም ቀን ጾም በኋላ ማዕድ የሚያይ ሰው ዐይን ነበር። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ቀኑ ገና አልመሸም፣ ቁጥሩም አባዬ ስልክ ላይ አለ።

“ከዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ነው” አልኩት። “ያልመለስከው መጽሐፍ የለም፣ ነፃ ነህ አሉ። ሌላ ማንም አልደወለም። አቤኒ፣ በቃ፣ ኑሮህን ኑር።” ከዚያ ቁጥሩን ከስልኩ አጠፋሁት።

ኑሮውንም ኖረ። እኔ በመስከረም አገባሁ። እሱ አባዬን ሦስት ዓመት ሙሉ አመላለሰ፣ አባዬም በእሱ እጅ በሰላም አረፈ። የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ፣ ጥሩ ልጅ አገባ፣ ሳድል ሪጅ ቤት ገዛ። ጉልበቱ ደህና ነው፣ ጭንቅላቱም ደህና ነው። እንዲህ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አባብያለሁ መሰላችሁ? ቢሄድ ኖሮ በሁለት ሳምንት ይመልሱት ነበር እያልኩ። ይመልሱት ይሆናል። ግን በሁለት ሳምንት መባረሩም የእሱ ነበር፣ የእኔ አልነበረም።

ያለፈው እሑድ ከቸርች በኋላ ሁላችንም እኛ ቤት ምሳ በላን። ደስ የሚል ቀን ነበር። አቤኒ ጠግቦ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይታሰብ ማመስገን ጀመረ።

“ያኔ ድራፍት ሳልሆን ኤቭሪባዲ ‘ዌይት አድርግ፣ ኮል ያደርጋሉ’ ይለኝ ነበር” አለ። “ዌይት ባደርግ ኖሮ፣ ላይክ፣ እስከ ዛሬ ስልክ እጠብቅ ነበር። ሶሲ ብቻ ናት ትሩሱን፣ እውነቱን፣ የነገረችኝ። ታንክስ፣ ሶሲ።”

ሁሉም አጨበጨበልኝ። ታምራት ትከሻዬን አቀፈ። በደሌን ሰባት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ ምስጋናውን ግን አንድ ደቂቃ መሸከም አቃተኝ። አቤኒን ጋራዥ ጠርቼው ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን፣ ሰውየውን፣ ሠርጌን፣ ላይብረሪውን።

ይጮኻል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ፈገግ አለ።

“ዌይት፣ ዌይት። ጠርተውኝ ነበር?”

“አዎ።”

“ሪሊ? ሶሲ፣ እኔን ጠርተውኝ ነበር?”

ያን ፊት አይቼ ነው በደሌን በደንብ ያወቅኩት። ካምፑን ነው የወሰድኩበት ብዬ አስብ ነበር። ለካ “ፈልገውህ ነበር” የምትለዋንም ቃል ወስጃለሁ። ያቺ ቃል ምን ታሳጣኝ ነበር? ከአባዬ አትለየውም፣ ሠርጌን አታስቀርብኝም። በሠርጌ ማግስት ልነግረው እችል ነበር። ከማንም ሳይሆን ከገዛ ወንድሜ፣ ለምንም ሳይጠቅመኝ፣ ሰባት ዓመት ደበቅኩት።

“የትኛው ቲም ነው?” አለኝ።

ስሙን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ሰውየው ነግሮኛል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አውሮፕላን ሲል ከሰማሁ ወዲያ የቡድኑን ስም ቁም ነገሬ ብዬ አልያዝኩትም። አቤኒ የቡድኖቹን ስም አንድ በአንድ ይቆጥርልኝ ጀመር፤ ይሄ ነው? እሺ ይሄስ? ፈገግታው ሳይጠፋ፣ እኔን ለመርዳት ቀስ እያለ። ለሁሉም አላውቅም አልኩት።

“ኢትስ ኦኬ፣ ሶሲ” ብሎ አቀፈኝ። እሱ ይቅር ብሎኛል፣ አልጠራጠርም፤ ደግ ልጅ ነው። እናንተን ግን ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምንም። ወንድሜን አንድ ቡድን ፈልጎት ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ከእኔ በቀር የሰማ የለም፣ እኔም ረስቼዋለሁ።