ያልቀመስኩት ሙሸበክ

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት አሥራ አንደኛ ክፍልን የተማርኩት ሞጣ ነበር። መምህር የሆነው ወንድሜ ከቢቸና ወደዚያ ሲዛወር ይዞኝ ሄደ። ጥቂት ወራት እንደ ቆየን ግን ለፖለቲካ ትምህርት ደብረ ማርቆስ ጠሩትና በተከራየናት ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። አከራያችን አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የግቢውን በር ይቆልፋሉ፤ ቃል አንለዋወጥም። አንዳንድ ቀን ድምፄን ለመስማት ብቻ ደብተሬን ጮክ ብዬ አነብ ነበር።

የማዘወትረው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሙሸበክ የሚጠብሱ አንዲት ሙስሊም ባልቴት ዘንድ ነበር። ሙሸበክ ቢቸና አይቼ አላውቅም። ቀጭን ሊጥ ከተበሳ ቆርቆሮ እየተንቆረቆረ የፈላ ዘይት ላይ ይጠማዘዝና፣ ሲበስል ስኳር ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሟች ባላቸው ሙያውን ደሴ ከአንድ አረብ ተምረውታል፤ አረቡ ደግሞ የቱርኮች የመንገድ ላይ ጣፋጭ ነው ይላቸው ነበር አሉ። እኔ ብዙም አልገዛም። እንጨት ሳቀብላቸው "የቢቸና ልጅ" እያሉ ያጫውቱኛል፤ የምሄደውም ለዚያ ነበር።

ያን ዓመት ሁዳዴና ሮመዳን ተገጣጠሙ። እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቀምስም። አንድ ማክሰኞ ከጠዋት ፈረቃ ወጥቼ ሰባት ሰዓት ላይ ስደርስ ተጨንቀው አገኘኋቸው። ሊጡ በሙቀቱ ከልክ በላይ ኩፍ ብሏል። ኮምጥጦ እንደሆነ የሚታወቀው በመቅመስ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ጾመኛ ናቸው። ለወትሮው የምትቀምስላቸው ለጾም ያልደረሰች የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ እናቷ ጉንደ ወይን ወስዳታለች። ስኳር በቀበሌ ስለሚታደል፣ ይህ ከተበላሸ ሌላ የለም። ደንበኞቻቸውም ለማፍጠሪያ ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያውን ጥቅል አውጥተው ሰጡኝ።

"እንቺ፣ ቅመሺልኝ። ቅቤ የለውም፣ ለጾማችሁ ይሆናል።"

ሰዓቴ አልደረሰም ማለት ነበረብኝ። ግን በዚያ ከተማ እኔን የሚፈልግ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እምቢ ካልኩ ምድጃው አጠገብ ያለችኝን ቦታ የማጣ መሰለኝ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ መንገድ ላይ ስትበላ መታየቷ ነውር ስለሆነ፣ ሁልጊዜም የምበላው ፊቴን አዙሬ ነው። ዞርኩ። ሙሸበኩን በደብተር ወረቀት ጠቅልዬ ሹራቤ ውስጥ ደበቅኩት።

"አልኮመጠጠም?"

"አልኮመጠጠም፣ እትዬ። ጥሩ ነው።"

የቀረውን ሊጥ ሁሉ ጠበሱት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍሌ ውስጥ ወረቀቱን ፈትቼ ቀመስኩ። ስኳሩ እንኳ ሊሸፍነው ያልቻለ ኮምጣጣ ነበር። እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ትሪው ባዶ ነው፣ ሸጠው ጨርሰዋል። ምን እንደረሳሁ ጠየቁኝ። ምንም ብዬ ሄድኩ።

በማግስቱ እዚያው ሳለሁ አንዲት ደንበኛቸው ምድጃው አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ትናንት የሸጡልን ሙሸበክ ነው ወይስ እርሾ?"

"ተቀምሶ ነው የተጠበሰው" አሏት፤ ወደ እኔ አላዩም።

ሴትዮዋ ስትሄድ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጥበሻውን ጠርገው አስቀመጡት።

"ጾም ይዣለሁ ማለት ያሳፍራል እንዴ? እኔስ ይዤ የለም?"

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ስኳር እስኪታደል አሥር ቀን ያህል ምድጃው ሳይለኮስ ቆየ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ቀዝቃዛ ጉልቻ ብቻ ነው የማየው።

ከዚያ እንደገና ሲጀምሩ እሳት የሚያነዱት ከበፊቱ ዘግይተው ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ የዘጠኝ ሰዓት ደወል ሲሰማ የመጀመሪያውን ጥቅል ያወጡልኛል። ፊቴን ሳላዞር እበላለሁ፤ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። ጥሩ ነው ካልኳቸው በኋላ ነው ሌላውን የሚጠብሱት።

እሳቸው በሚያፈጥሩበት ሰዓት የእኔ ግቢ ይቆለፋል። እስከ ፋሲካ በየቀኑ እንዲህ ስቀምስላቸው ከረምኩ፤ አንድ ቀንም አብረን አልበላንም።