አርባ አንድ ዋንዛ በአንድ ስም

በከፋ ዞን ውስጥ እጁ የገባ ፋይል ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ፣ ሻይ ቤት ተናግሬአለሁ፣ ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥም አጠገቤ ለተቀመጠ የማላውቀው በግ ነጋዴ ተናግሬአለሁ። ሰውየው መንገዱ ሳይጋመስ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ ግን ጨረስኩለት።

የምሠራው በቡና ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው። ቡናችንን የሚገዙት የውጭ ሰዎች ጫካ ተጨፍጭፎ የተተከለ አለመሆኑን ማየት ስለሚፈልጉ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ፎቶ ይነሣል። ገበሬው ራሱ ፎቶው ውስጥ አይገባም፤ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ዛፉን ነው። መስክ የሚወጣው መዝጋቢያችን ፎቶዎቹን በስልኩ ያመጣልኛል፣ እኔ ኢንተርኔት ላይ ወደተከራየነው መጋዘን እልካቸዋለሁ። የስልኩ ቦታ ጠባብ ስለሆነ የተላከው ከስልኩ ይጠፋል።

መጋዘኑ በር የለው፣ መስኮት የለው። ባለሙያዎቹ ማስቀመጫውን «ባልዲ» ይሉታል፤ እዚያ የሚያደርሰው ደግሞ ኤፒአይ የሚባለው ነው። እንደ ሌላው ኮምፒውተር ሥራ እየጠቆሙ መጫን የለም። በኮድ ትጽፋለህ፦ ይህን በዚህ ስም አስቀምጥ፣ ያለውን ዘርዝር፣ ያንን አምጣ፣ ያኛውን አጥፋ። ይፈጽማል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ አበል አይልም፤ በዚህ ጠባዩ ከመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሁሉ ይለያል።

ለፋይሎቹ ስም ማውጣት የእኔ ድርሻ ነበር። የመዝገብ ክፍል ባልደረባዬ፣ ድምፅዋ ከስቴፕለር የማይበልጥ ሴት፣ ለየገበሬው ቁጥር እንስጥ አለች።

«ሰው እስረኛ ነው እንዴ ቁጥር የምትሰጪው?» አልኳት።

«በስማቸውስ ቢሆን፣ ጋሼ?»

«ግማሹ አገር አንድ ስም ነው ያለው።»

የእኔ ዘዴ ሌላ ነበር። ጫካ ውስጥ ያለችው የማንኪራ ቀበሌ ገበሬ ቡናህ የት ነው ሲሉት ዛፍ ይጠራል። ቀፎውን የሚሰቅለው ዛፍ ላይ ነው፣ ድንበሩንም የሚለየው በዛፍ ነው። መዝጋቢያችንም የነገሩትን ይጽፋል፦ «ማንኪራ፣ ከዋንዛው ሥር።» ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ፋይሉን «ማንኪራ-ዋንዛ» አልኩት። ስብሰባ ላይ ሳቀርበው ባህልን ከቴክኖሎጂ ያጋባሁ መሆኔን ገልጬ ራሴን አመሰገንኩ። ሌላ የሚያመሰግን አልተገኘም።

ዝርዝሩ ለገዢዎቹ ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ከማንኪራ አንዲት እናት በእግራቸው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የጫካ ቡናውን ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ፎቶው የሌለ ሰው ቡናው ዘንድሮ ከማኅበሩ ጋር እንደማይወጣ ሰምተዋል።

«ማሳዬ አለ ወይ? በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ አይስጉ። እሳት የማይደርስበት፣ አይጥ የማይገባበት ቦታ ነው ያለው።»

«ይሁን። አሳየኝ።»

አምጣ ብዬ ጻፍኩ፤ መጣ። እትዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ የእኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው እንጂ። ዋንዛ ይላል።»

«ዋንዛማ ነው። የባለቤቴ የወንድም ልጅ ዋንዛ ነው። የቀፎውን ገመድ አላውቀውም?»

ዘርዝር ብዬ ጻፍኩ። ከማንኪራ የወጣልኝ ዋንዛ አንድ ብቻ ነው። የላክሁት አርባ አንድ ነበር። ለካ ባልዲው ውስጥ በተመሳሳይ ስም አዲስ ሲገባ የቀደመውን ተክቶ ይቀመጣል፤ አይጮኽም፣ አያስጠነቅቅም። አርባ አንድ ጊዜ «ተሳክቷል» ብሎኛል፤ እኔም አርባ አንድ ጊዜ ደስ ብሎኛል።

«ኔትወርክ ነው» አልኩ። ቦንጋ ውስጥ ይህ ቃል ያልሸፈነው ጥፋት የለም።

«ኔትወርኩ የእኔን ትቶ የእሱን ብቻ ያመጣል?» አሉ እትዬ።

መዝጋቢያችን ለሥራ ደካ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ሄዷል፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ደግሜ ስደውል ባልደረባዬ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ የተተካው ቅጂ ተደብቆ እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ነገር እኔ አብርቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሥራው ለእርስዎ የተሰጠ ቀን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ወር እቀየማት ነበር። የነገረችኝን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ አርባ አንዱም ዋንዛ ተደራርቦ ወጣ። ነገር ግን ስማቸው አንድ ነው፤ የሚለዩት በተላኩበት ሰዓትና ትርጉም በሌለው ረጅም የፊደል ሰልፍ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ ኮምፒውተሩ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።

እትዬ ወንበር ጠየቁ። አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው።

«ይሄ የጎረቤቴ። ይሄ የቄሱ፣ ጉሬዛ የማይጠፋበት። ይሄ መብረቅ የመታው፣ የእህቴ ነው። ዝለለው።»

እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ፣ ባልደረባዬ ለእያንዳንዱ ቁጥር እየሰጠች ትጽፋለች። ሃያ ሰባተኛው ላይ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ቀፎ ይታያል።

«ይሄ ነው» አሉ። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆየ። «ቀፎውን የሰቀለው እሱ ነው፣ ሳይታመም።»

ቀጣዩን ሳልከፍት ጠበቅኋቸው።

የቀሩትንም ሳይሰለቹ ለይተው ጨረሱ። አርባ አንዱም ለነገው ዝርዝር ደረሱ። እትዬ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ዛፍ አንድ ነው ያልከው በምን ዓይንህ ነው? ማንኪራ መጥተህ አታውቅም?»

ባልደረባዬ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ቦንጋ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እትዬ በእግራቸው መጥተው በእግራቸው የሚመለሱበትን መንገድ እኔ አንድ ቀን ሄጄበት አላውቅም፤ ጭቃውን እፈራለሁ። ዋንዛ ቢያሳዩኝም ከሌላ ዛፍ አልለየውም።

«አላውቅም» አልኳቸው።