በንቦቹ በኩል የተከፈተ መስኮት

አሰለፈች በገሳይ ከተማ ዳር አረቄ አውጥታ የምትሸጥ ሴት ናት። ሙያውን የተማረችው ከእናቷ ነው። የባሏ የፈንታሁን ገብስ ከዓመት ዓመት ስለማያደርስ ቤቱን አቁሞ የያዘው የእሷ ጋን ነው። አረቄ ደግሞ እሳቱ ከተለኮሰ ጥለውት አይሄዱም፤ እሳቱ ሲበዛ ድፍድፉ ያራል፣ ሲያንስ መንጠባጠቡ ይቆማል። ስለዚህ ሕፃን ልጇን እመቤትን አዝላ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ እየማገደች ጭስ ውስጥ ትውላለች።

ያን ክረምት ልጅቱ ታመመች። ትንፋሿ ሲያጥር፣ ጎኗ ሲሰረጉድ አይታ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። የሳንባ ምች ነው አሏት። ልጅቱ ድና ሲመለሱ ሐኪሟ፣ ዳግመኛ ጭስ ውስጥ ካስገባሻት ላትተርፍ ትችላለች ብላ አስጠነቀቀቻት። ለአሰለፈች ግን ልጅቱን የሚይዝላት ሰው የለ፤ ሥራውን ብትተወው የሚበላ የለ።

ስለዚህ ማድቤቷን ለጭሱ መውጫ ልትበሳ ተነሣች። ያለው በር አንድ ነው፤ እሱንም ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመታው ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። አንዱ ግድግዳ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ሌላው ዳገቱን የተደገፈ። የቀረው በባሏ ታላቅ ወንድም በዓለምነው ግቢ በኩል ያለው ነው። እዚያ ደግሞ ዓለምነው የንብ ቀፎዎቹን ደርድሯል።

በዲጅኖ መስኮት የሚያህል ቀዳዳ አወጣች። ዓለምነው ጭሱ ንቦቹን ሲያውክ አየና በጭቃ መረገው። ንብ ጭስ ከበዛበት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፣ ሳታስፈቅደኝ እንዴት ትበሳለች ብሎ ተቆጣ። ፈንታሁን መሃል ገብቶ ተጨነቀ፤ ከወንድሙ ጋር የሚያርሱት መሬት ገና ያልተከፋፈሉት የአባታቸው ነውና ሚስቱን ታገሺ አላት። እሷ መልሳ በሳችው።

ዓለምነው እንደገና ጭቃ ይዞ የመጣው ጋኑ እሳት ላይ ሳለ ነበር። እሱ ከውጭ ሲመርግ ከውስጥ ጭሱ መውጫ አጣ። ልጅቱ እዚህ ናት፣ ተዉ ብትለው እጁን አላቆመም። እመቤትን እናቷ ጀርባ ላይ ብርቱ ሳል ያዛት፤ ከዚያ ሳሉ ቆመና የሚያፏጭ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። አሰለፈች አንቀልባውን ፈታች። እርጥቡን ጭቃ በክንዷ ገፍታ ጣለችና ልጅቱን በቀዳዳው አሾልካ ሰጠችው።

«እንኩ፣ ያዟት። እኔ እሳቱን ጥዬ አልወጣም። ወይ እሷን ያዙ፣ ወይ ቀዳዳውን ድፈኑ።»

ዓለምነው ጭቃ በነካው እጁ ተቀበላት። የጎድን አጥንቷ ሲገባና ሲወጣ መዳፉ ውስጥ ተሰማው። መሬት እንዳያስቀምጣት ዝናቡ ያካፋል፤ ወደ ቤቱ እንዳይወስዳት መንገድ ላይ ትንፋሿ ቢቆምስ ብሎ ፈራ። ንቦቹ ዙሪያውን እየተመሙ በጋቢው ሸፍኗት ቆመ። አሰለፈች እሳቱን እየቆሰቆሰች በቀዳዳው ታየዋለች።

«ትተነፍሳለች?» አለችው።

«ትተነፍሳለች።»

አረቄው እስኪያልቅ ልጅቱን እንደታቀፈ እዚያው ቆመ።

ያ ሳምንት ሳይወጣ ዓለምነው ቀፎዎቹን ወደ ግቢው ማዶ አዛወረ። የአንዱ ቀፎ ንብ ቦታውን አልወደደውም፣ ኮበለለ። ለዚህ እስካሁን ይቅር አላላትም፤ ድግስ ላይ እንኳ ከእሷ አጠገብ አይቀመጥም። መስኮቱን ግን አልነካውም። እመቤት ዛሬ በእግሯ ትሮጣለች። ብርድ ሲበረታ ያ ፉጨት ይመለስባታል፤ አሰለፈችም ጆሮዋን የልጅቱ ደረት ላይ ሳትለጥፍ አትተኛም።